የካርቶኑ ብር

እንጅባራ፣ በፈረሰኞች በዓል ዕለት ነው። ሁሉም በብር ጌጥ አጊጦ እኔ ባዶ ደረቴን እንዳልወጣ ካርቶን በክብ ቆረጥኩና የብረት በር የሚቀባበትን ብርማ ቀለም ቀባሁት። ሳይደርቅ ቸኩዬ ደረቴ ላይ አንጠለጠልኩት።

ሜዳው ላይ አንድ አዛውንት ፈረሰኛ አስቆሙኝ።

«ይሄ ብር የማን ነው ልጄ?»

«የአያቴ ነው» አልኳቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

«አያትህን እኮ አውቀዋለሁ!» አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጎንበስ ብለው ጌጡን ሁለት ጊዜ ሳሙት። ቀና ሲሉ ከንፈራቸውም ጺማቸውም ያብለጨልጫል።

ልነግራቸው ስል ለምርቃት ተጠርተው መድረክ ላይ ወጡ።

«የአያቱን ቅርስ የሚጠብቅ ልጅ አያሳጣን!» አሉ፣ በዚያው በሚያብለጨልጭ አፋቸው።

ሕዝቡ «አሜን!» አለ። እኔም አልኩ።