ዓይናቸውን ያየሁላቸው ቀን

ከቢሮዬ ተይዤ የገባሁበት ክፍል ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ብዙም የማይርቅ የእህል መጋዘን ነበር። ባቡር ሲያልፍ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ከአንዲቷ ጠባብ መስኮት ሥር አንድ አዛውንት የዓይን ሐኪም ቀኝ ዓይናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ተቀምጠዋል። በምርመራ ላይ ተመትተው ቁስሉ መግሏል።

በገባሁ በአምስተኛው ቀን ከምርመራ ሲመለሱ የተባሉትን ነገሩኝ። በአንድ የሥራ ባልደረባቸው ላይ የተዘጋጀ የምስክርነት ወረቀት አለ። ከፈረሙ ሆስፒታል ይወስዷቸዋል። መልሱ ለነገ ጠዋት ነው።

"ዓይኔ አልቆ ከሆነ የምደራደርበት ነገር የለም፤ እገላገላለሁ" አሉ። "እስቲ እይልኝ።"

"እኔ ስለ ዓይን ምን አውቃለሁ ዶክተር?"

"ጋዜጠኛ አይደለህ? ያየኸውን ንገረኝ፣ በቃ።"

አብሮን የታሰረ የባቡር ሹፌር የበረሃውን ነጸብራቅ የሚከላከልበት የፀሐይ መነጽር ነበረው። ሐኪሙ የመነጽሩን መስተዋቶች ፈለጓቸው።

"ይውሰዱት ዶክተር። እኔን እስኪፈቱኝ ባቡሩም ያረጃል" ብሎ ራሱ ነቀላቸው።

ሐኪሙ አንዱን በሌላው ላይ አቋርጠው ሲደርቡት በውስጣቸው ይታይ የነበረው የመስኮቱ ብርሃን ጠፋ። "እያንዳንዱ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ ነው የሚያሳልፈው" አሉኝ። "በመካከላቸው ዓይን ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ኮርኒያ፣ ማለት የዓይን የፊት መስተዋት፣ ከተነባበሩ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው። ክሮቹ ብርሃኑን ያጣምሙታል፤ ስለዚህ ጥቂቱ ሁለተኛውን መስተዋት ያልፋል። ብርሃን ያላለፈበት ቦታ ጥቁር መስቀል ሆኖ ይታይሃል። ክሩ የተበላሸ እንደሆነ መስቀሉም ይፈርሳል። መጀመሪያ ጤነኛውን እይ።"

ሹፌሩ አንዱን መስተዋት በመስኮቱና በሐኪሙ ዓይን መካከል ያዘ። እኔ ሌላውን ዓይኔ ላይ አድርጌ ቀስ እያልኩ አዞርኩ። በግራ ዓይናቸው ላይ መስቀሉ ወጣ። ከዚያ ቀኙን ገለጡት። የመስቀሉ የታችኛው ክንድ ተበጣጥሷል፤ እዚያው ላይ ነጭ ጉም አለ። መሃሉ ደህና ነበር።

ሹፌሩ በክርኑ ጎሰመኝ። "አልቋል በላቸውና ይረፉ" አለኝ በጆሮዬ።

"አትማከሩ!" አሉ ሐኪሙ። "ምን አየህ?"

"ከታች ፈርሷል። መሃሉ አልተነካም።"

ጨርቁን በዓይናቸው ላይ መለሱ። "እንግዲያው ሰሞኑን መድኃኒት ካገኘ ይድናል" አሉ። "ክፉ ወሬ ነገርከኝ።"

"ወይ ጋዜጠኛ!" አለ ሹፌሩ። "ዓመቱን ሙሉ በጋዜጣ ስትዋሹ ከርማችሁ ዛሬ እውነት አማራችሁ?"

በእጄ የነበረውን መስተዋት መለስኩለት።

ጠዋት ስማቸው ሲጠራ ፊታቸውን ታጠቡ፤ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ።

"ፈረሙ?" አለ ሹፌሩ።

"ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ሳልፈርም መለስኩላቸው" አሉ።

በአሥር ቀን ውስጥ ጉሙ መሃሉን ሸፈነው። ዓይኔን እይልኝ ብለው ዳግመኛ አልጠየቁኝም።

ብዋሻቸውም ኖሮ እምቢ ይሉ ነበር፤ ዓይኑም ያው ይጠፋ ነበር። እኔ የጨመርኩላቸው ነገር ቢኖር ሊድን እንደሚችል እያወቁ ማጣታቸውን ነው። እንዲያ ማድረጌ እርሳቸውን ማክበር ነበር ብዬ የማስብባቸው ቀኖች አሉ። ጥቂት ናቸው።