ለጤናዋ ያነሳሁት ብርጭቆ

እህቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ስትሞት እኔ ጣልያን አገር፣ አንድ ኮረብታ ላይ ቆሜ ወይን እቀምስ ነበር። ይኼን ለስንት ሰው እንደተናገርኩ አላውቅም፤ ስናገረው ግን እስከ ዛሬ አፌን ይመረኛል። መሞቷ ብቻ አይደለም፤ ሞትማ ለማን ይቀራል? ከእኔ በቀር አገር ምድሩ ማወቁ ነው የሚያንገበግበኝ። ባሌ ያውቃል፣ ልጄ ታውቃለች፣ እድሩ ያውቃል፣ እኔ በምኖርበት አሌክሳንድሪያ ታክሲ የሚነዳው ሁሉ ያውቃል። እኔ፣ የእናቷ ልጅ፣ ብርጭቆ ይዤ እስቃለሁ።

እቴቴ ነበር የምላት፣ ታላቄ ናት። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ደለስ ኤርፖርት የተቀበለችኝ እሷ ናት። ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንቷ ውስጥ አንድ አልጋ ላይ እየተኛን አውቶቡስ አሳየችኝ፣ ሥራ አስገባችኝ፣ ሲያስፈልግ ተቆጣችኝ፣ በመጨረሻም ዳረችኝ። አግብቼ አሌክሳንድሪያ ስገባ "ወንዝ ተሻግረሽ ጥለሽኝ ሄድሽ" ብላ አለቀሰች። ወንዙ እኮ ፖቶማክ ነው፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት! ባሏ ቀድሟት ሞተ፤ ልጅ አልወለደችም፤ የእኔን ልጅ እንደ ራሷ አድርጋ አሳደገችልኝ። ኋላ ኩላሊቷ ከዳትና ደሟን በማሽን ማጣራት፣ ዳያሊሲስ ጀመረች። እንግሊዝኛው ብዙም ስለማይሆንላት ሐኪም ጋ አፏ እኔ ነበርኩ።

አንድ ነገር ብቻ ለምናኛለች። "ስሞት አዲስ አበባ፣ እማዬ አጠገብ ቅበሩኝ። አፈሩን ደግሞ አንቺ በእጅሽ አልብሺኝ፤ ሌላ ሰው እንዳያስቀድሙብኝ" አለችኝ። "እሺ፣ እሺ፣ አሁን ሟርቱን ተይው" አልኳት። እሺ ለማለት ምን ችግር አለ?

ጉዞውን የሰጠችን ልጃችን ናት። እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ ጥሩ ሥራ እንደያዘች ለሃያ አምስተኛ ዓመት ጋብቻችን "ዋይን ቴስቲንግ ትሪፕ" ገዛችልን። በትንሽ አውቶቡስ ከኮረብታ ኮረብታ፣ ከድንጋይ ከተማ ወደ ድንጋይ ከተማ እየተዞረ ወይን ይቀመሳል። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ሆቴል ፓርኪንግ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። እኔም ነርሲንግ ሆም አረጋውያን ሳነሳ ሳስተኛ ወገቤ ተቆርጧል። እረፍቱ ለሁለታችንም ይገባን ነበር፤ ቢሆንም አልሄድም አልኩ። እሷን ለማን ጥዬ?

እቴቴ ግን ሳቀችብኝ። "ለቅምሻ ባሕር የሚሻገር ሰው አሁን ገና አየሁ! ሂጂ እንጂ። እኔ የት የምሄድብሽ መስሎሽ ነው? ከማሽኑ ጋር ታስሬያለሁ፣ እዚያው ታገኚኛለሽ። ስትመለሺ ሻርፕ አምጪልኝ፣ ቀይ። ጥቁር እንዳታመጪ፤ ጥቁር ለብሼ ጠግቤያለሁ።" ግንባሬን ሳመችኝና ሄድኩ።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ስደርስ ግን ወደድኩት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባሌ ጋር እንደ ሙሽራ ነው የሆንነው። አብረውን ያሉት ጡረታ የወጡ አሜሪካኖች ናቸው። አስጎብኚዋ በየብርጭቆው ትንሽ ትንሽ ቀዳችልንና "አሽትቱ፣ አፋችሁ ውስጥ አንከባሉት፣ ከዚያ ትፉት" ብላ ባልዲ አቀረበችልን። ባሌ ደነገጠ። "ባለቤቶቹ እዚህ ቆመው እያዩኝ የሰጡኝን ልትፋ? ነውር አይደለም እንዴ!" አለኝ በአማርኛ። ዋጠው። እኔም ዋጥኩት። ሌላው ሁሉ እንትፍ እንትፍ ሲል እኛ በይሉኝታ የቀረበልንን በሙሉ እየጨረስን፣ ምሳ ሳይደርስ ጉንጫችን ቀልቶ፣ ያለ ምክንያት እየተያየን መሳቅ ሆነ ሥራችን። እንዲያ ከሳቅኩ ስንት ዓመቴ ነበር!

ረቡዕ ዕለት ነው ስልኩ የጮኸው። የእኔ ስልክ እዚያ አገር አልሠራ ስላለ የባሌ ብቻ ነበር ያለን። ጾም ስለሆነ አይቡንና ሥጋውን ገፋ አድርጌ ዳቦ በዘይት እያጠቀስኩ ነበር። ባሌ ስልኩን አየና ተነስቶ ወደ ወይኑ ተክል መሀል ገባ። ጀርባውን ሰጥቶን ለረጅም ጊዜ ቆመ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ማነው?" አልኩት።

"ሥራ ቦታ ናቸው። ሺፍት ሊቀያይሩኝ ፈልገው ነው።"

"እዚህ ድረስ? እግዜር ይይላቸው! ዝጋባቸው" አልኩ። እሱ ፊቱ ያለውን ብርጭቆ አንስቶ ጨለጠው። ከዚያ የእኔንም ጨለጠው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። ቦርሳዬን ከእጄ ይቀማል፤ ደረጃ ስወጣ ክንዴን ይይዛል፤ ሳላዝዘው ውሃ ያመጣልኛል። ፎቶ አንሳኝ ስለው ግን "ባትሪ የለኝም" ይላል። እንደዚያ ያለ አገር ሄጄ የመጨረሻውን ሳምንት አንድ ፎቶ የለኝም። ወይኑንም እንደ መድኃኒት በላይ በላዩ ሆነ የሚወስደው። አንድ ቀን ከነዚያ አሜሪካኖች ፊት "ሰካራም ልትሆንብኝ ነው እንዴ በስተርጅና?" ብዬ ጮህኩበት። ዝም አለኝ። ያ ዝምታ ጠባዩ አልነበረም፤ እኔ የማይገባኝ ደደብ ግን ጥጋብ ነው ብዬ ተረጎምኩት።

"እቴቴ ጋ ደውልልኝ" ስለው "አሁን ማሽን ላይ ናት"፣ "አሁን ተኝታለች" ይለኛል። ሰኞ ዕለት ግን አልለቅህም አልኩት። ስልኩን ይዞ ወጣ፣ ትንሽ ቆየና ገባ። "አገኘኋት" አለ። "ደህና ናት። ሰላም ብላሻለች። ስለ እኔም አንድ ጠጪልኝ ብላለች።"

ደስ ሲለኝ! አወይ ደስታ! ከወንበሬ ተነሳሁ። በዚያ በሰባራ እንግሊዝኛዬ ለእነዚያ ሰዎች ስለ እህቴ ነገርኳቸው፤ እንዴት እንዳሳደገችኝ፣ ኩላሊቷን እንደምትታመም። ሁሉም ብርጭቋቸውን አነሱ። "ለጤናዋ!" አልኩ በአማርኛ፤ እነሱም እንደ ምንም ብለው "ለጤናዋ" አሉ። ባሌም አነሳ። ባሌም አለ።

በማግስቱ ከአንዲት ባለ ሱቅ ቀይ ሻርፕ ገዛሁላት። "ይኼ ይሻላል ወይስ ይኼኛው?" ብዬ ሳሳየው ወደ ውጭ እያየ "ሁለቱንም ውሰጂ" አለኝ። ሐሙስ ሮም ኤርፖርት ደግሞ የበረራ ሰሌዳው ሥር ተገትሮ ቀረ። "ና እንጂ፣ የእኛ በር ወዲያ ነው" ብዬ እጅጌውን ጎተትኩት።

ደለስ ስንደርስ ልጄ የለችም። "ሥራ ላይ ናት" አለኝ። ቤታችን ገባን። ደክሞኝ ስለነበር እንቅልፍ ጣለኝ። ሊነጋጋ ሲል በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። የእድራችን ሊቀመንበር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ኮሪደሩ ሙሉ ሰው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።  ሻንጣዬ መሬት ላይ ተከፍቶ ቀዩ ሻርፕ ከላይ ይታያል።

ስጮህ እቤቴ ያሉት ሁሉ ያዙኝ። ለቀስተኛው እየተፈራረቀ ሲመጣ ዋለ፤ መኪና ማቆሚያው ሞልቶ ሰው መንገድ ላይ ያቆማል። እኔ "ሬሳዋ የት ነው? ውሰዱኝ፣ ልያት" እላለሁ። እርስ በርስ ይተያያሉ። በመጨረሻ ጋሼ ቀረብ ብለው "ልጄ፣ እቴቴን አዲስ አበባ ሸኝተናታል፣ ማክሰኞ ተቀብራለች። ቃሏ ነበር" አሉኝ። ቃሏ! የቃሏን ግማሽ እኔ አልነበርኩም እንዴ?

ከሰዓት ላይ ልጄ ከአዲስ አበባ ደወለች። ከሳጥኑ ጋር አብራ የሄደችው እሷ ናት። እዚህ የተወለደች ልጅ፣ ለቅሶ እንዴት እንደሚለቀስ የማታውቅ ልጅ፣ በእኔ ፈንታ ደረት ስትመታ ነበር። ልትደውልልኝ ስትሞክር አባቷ "አሁን መናገር አትችልም፣ እኔ እነግራታለሁ" እያለ ይመልሳታል። እኔ የሰማሁ መስሏት፣ ድምፅዋ በቁጣ ተሞልቶ እንዲህ አለችኝ፦

"ማሚ፣ ዌት አደረግኩሽ እኮ! ቀብሩን ሁሉ ሰዓት አስገፍቻቸው ነበር። ከሮም በቀጥታ ስድስት ሰዓት ነው፣ ቼክ አድርጌያለሁ። ከሁላችንም አንቺ ነበርሽ ቅርብ። ለምንድነው ያልመጣሽው?"

 ስልኩን ለባሌ ወረወርኩለት።

ደንቡን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፣ በስልክ አይነገርም፣ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። በጠዋት፣ በሐዘንተኛው ቤት፣ ሰው ባለበት ነው። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለስንቱ በር አንኳኩቻለሁ። ባሌም ይኼንኑ ነው የነገረኝ። "ጋሼ ናቸው። 'በሰው አገር ራሷን ብትስት ማን ያነሳታል? አንተ ብቻህን ኃላፊነቱን እንዳትወስድ' አሉኝ። እኔም ሆዴ ይፍጀው አልኩ" አለ። ኤርፖርቱ ላይ የአዲስ አበባውን በረራ ሲያይ እንደነበረም ያኔ ነገረኝ፤ የተቀበረችው ከሁለት ቀን በፊት ቢሆንም። "ልነግርሽ ስል ትስቂያለሽ። እንዴት ብዬ ላቋርጥሽ?" አለ።

ይሄን ሁሉ፣ እውነቴን ነው፣ መሸከም እችል ነበር። ያልቻልኩት ሰላምታውን ነው። በሞተች በአምስተኛው ቀን ከእህቴ ሰላምታ አመጣልኝ። ልጄ እንደነገረችኝ ሳጥኑ ከደለስ የተነሳው ሰኞ ነው፤ ብርጭቆዬን ባነሳሁበት ቀን። እሷ በሰማይ ስታልፍ እኔ ከታች ለጤናዋ እጠጣለሁ። ይኼን አስቤ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

አልተፋታንም። ሰው "ይቅር በይው፣ ለአንቺው አዝኖ ነው" ሲለኝ "ይቅር ብያለሁ" እላለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም ሞኝ ነኝ። አብረን እንበላለን፣ አብረን ቤተክርስቲያን እንሄዳለን፤ የሚነግረኝን ነገር ግን፣ ዝናብ ጣለ ቢለኝ እንኳ፣ በመስኮት አይቼ ነው የማምነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቀን ከሥራ እንደተመለስኩ ጋሼ ደወሉልኝ። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ አዲስ አበባ ማረፋቸውን ነገሩኝ። "እሱ እንዳይሰማ። ሥራ ላይ ነው፣ መኪና ይነዳል። ነገ ጠዋት ሰው ሰብስበን እንመጣለን" አሉ።

"እሺ ጋሼ" አልኳቸው።

ስልኩን ዘግቼ ልጄን የሚቀጥለውን በረራ እንድትፈልግ አደረግኩ። ሻንጣውን አወረድኩ። ጥቁር ሱሪውን፣ ጥቁር ሹራቡን፣ የደም ግፊት ኪኒኑን ከተትኩ። የሆቴሉን ጃኬት እንደለበሰ በር ከፍቶ ገባ። ሻንጣውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

"አባባ አርፈዋል" አልኩት። "ቀብሩ ከነገ ወዲያ ጠዋት ነው፤ አሁን ከወጣህ ትደርሳለህ። ልጅቷ መኪና ይዛ እየመጣች ነው።"

እዚያው በር ላይ በጉልበቱ ወደቀ። አልዋሽም፣ ከብዶኛል፤ ለብቻዬ ማንሳት አቃተኝና መሬት ላይ አብሬው ተቀመጥኩ። ጋሼ ያሉት እውነት ነበር፣ የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል። ግን ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት እድርተኛው መጥቶ ባዶ ቤት አገኘ። "ምን ያለች ጨካኝ ናት! ባሏን በር ላይ አረዳችው" ተብሎ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ተወራ። ጋሼ ለሦስት ወር ሰላም አላሉኝም። ይሁን።

ባሌ በቀብሩ ማግስት ደወለ። ድምፁ ተዘግቷል። "ደረስኩ" አለኝ። "አፈሩን በእጄ አለበስኳቸው።"  ከዚያ "ዛሬ ጠዋት ደግሞ እቴቴ መቃብር ሄጄ ነበር። ሣሩን ነቃቀልኩላት። ብዙ ቆየሁ፣ አዋራኋት..." አለኝ።

"ሰላም ብላሻለች እንዳትለኝ" አልኩት።

አላለኝም። ሲያለቅስ ሰማሁት፤ እስኪጨርስ ድረስ ስልኩን አልዘጋሁበትም።