እኔን ብቻ ያስፈራው ፊልም

አባቴ ከሞተ በኋላ እሱን የማይበት ቅዠት አላስተኛ ስላለኝ፣ ቅዠቴን አጭር የሆረር ፊልም ላደርገው ወሰንኩ። የአባቴን ታናሽ ወንድም በጭጋጋማ ጠዋት እንጦጦ ጫካ ወስጄ የአባቴን ካፖርት አለበስኳቸው፤ ፊታቸውን ዱቄት ቀባሁ።

«ቀስ ብለው ይምጡ፤ ደግሞ እንዳይስቁ!» አልኩ፣ ዳይሬክተር ነኛ።

ከባሕር ዛፎቹ መሃል ሲወጡ አካሄዳቸው ቁርጥ አባቴን ሆነብኝ። «አባዬ!» ብዬ የምቀርጽበትን ስልኬን ጣልኩና ሮጥኩ፤ ወደ እሳቸው ሳይሆን ወደ ቁልቁለቱ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ነኝ እኮ!» እያሉ ተከተሉኝ። ደርሰው ሲያቅፉኝ ልብሴን ዱቄት በዱቄት አደረጉት፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ስልኩ ከወደቀ በኋላ የቀረጸው ሣርና የእኔን ጩኸት ብቻ ነበር። ቤት ወስጄ ለእናቴ አሳየኋት። ከለቅሶው ወዲህ ስቃ የማታውቀው ሴትዮ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እስቲ ድገሚው» አለችኝ፣ እንባዋን እየጠረገች።