ያለ ጉዳይ የሚሄድ ሰው

ሲመሽ ከበረንዳው እስከ አጥሩ የሚመላለስ ኮቴ እሰማለሁ። ልጆቼ ማንም የለም ይሉኛል። የማን ኮቴ እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

ባለቤቴ ወልደጻድቅ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አዋሳን በእግሩ እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ያነበበ ሰው ነው። ከምሥራቅ ሰፈር እስከ ቱላ መንገድ ያላባረረው ውሻ አልነበረም። ያበጠ እግሩን ባየሁ ቁጥር ዕድሌን እረግም ነበር። አለቃው ዘንድ ደጅ ጠንቼ ቢሮ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ቦርጭ አወጣ፤ ጉንጩ ሞላ። ጎረቤት «ደላው» ሲለኝ ደረቴን ነፋሁ፤ ሞኝ ነበርኩ። በስድስተኛው ዓመት ማጅራቱን እያመመው ሐኪም ዘንድ ሄድን። ደም ብዛት ነው ተባለ። ሐኪሙ ክኒን ሰጠውና በየቀኑ አንድ ሰዓት በእግሩ እንዲሄድ አዘዘው። እኔ በሽተኛ ይተኛል እንጂ ይዞራል ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ከሥራ መልስ ባዶ እጁን ወደ ሐይቁ ይወጣል፤ በዓሣ ገበያው በአሞራ ገደል ዞሮ ሲመሽ ይገባል። ፊቱ ፈካ፤ ሕመሙም ቀለለለት። እኔ ግን ሰላም አጣሁ። ዓሣ አይገዛ፣ ዘመድ አይጠይቅ፤ በዚያ ዘመን ያለ ጉዳይ እንዲህ የሚሄድ ማን ነበር? አንድ ቀን ጎረቤታችን ካሰች የቀበሌ ጥበቃዎች አስቁመው ሲያናግሩት አየሁ አለችኝ። ወንድሜ ታምሩ በሰባ ዓመተ ምሕረት «ወዴት ነው?» ተብሎ እንደወጣ የቀረው በነሱው እጅ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ወልደጻድቅ እግር ላይ ወድቄ አለቀስኩ።

ጥበቃዎቹ ክፉ እንዳላሉት ሊያስረዳኝ ሞከረ፤ አልሰማሁትም።

«አንቺ እንዲህ እያለቀስሽ አልሄድም» አለና ጫማውን አወለቀ።

ጥቂት ቀን ከበረንዳው እስከ አጥሩ ተመላለሰ። ሰው አበደ ይላል ብዬ ያንንም አስተውኩት።

መሄዱን በተወ በአራተኛው ወር፣ እሑድ ረፋድ ላይ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ አፉ ተሳሰረ፤ ግራ ጎኑም አልታዘዝ አለው። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሃምሳ ዓመት አልሞላውም።

ለቅሶው ላይ የጥበቃዎቹ አለቃ ኩማ መጣ። ጠመንጃውን ውጭ ለጓደኛው ሰጥቶ ገባና አጠገቤ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ጋሼ ሕመማቸውን ነግረውን ነበር» አለኝ። «የሐኪም ትዕዛዝ ነው፣ ማንም እንዳይነካቸው ብዬ ለጥበቃ ልጆቹ አስጠንቅቄ ነበር። ምነው መሄዱን ተዉት?»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ደክሞት ነው» አልኩ።