ከቡና ጋር የከረመው መኪና

የዓይን ሐኪሙ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፊደላት እያስነበበኝ ወደ ታች ወረደና፣ ከመጨረሻው መስመር ሁለቱን ስሳሳት ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «የዛሬውን እፈርምልዎታለሁ፤ ለሚቀጥለው የመንጃ ፈቃድ እድሳት ግን እኔ ዘንድ አይምጡ» አለኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ነገሩን በፈገግታ ሸፍኖ ነበር የተናገረው። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የሌሎች ሰዎችን ቡና እየቀመስሁ በሁለት ቃል ስፈርድ የኖርሁ ስለሆንሁ፣ ፍርድ ሲሰጠኝ አውቃለሁ። ከእንግዲህ የምገዛው መኪና የመጨረሻዬ ነበር።

ስለዚህ የመጨረሻው የምፈልገው እንዲሆን ወሰንሁ፤ ዝቅ ያለ፣ ባለ ሁለት በር፣ ጀርመን ሠራሽ የስፖርት መኪና። የኬሚስትሪ ተማሪ ሳለሁ አንድ የውጭ አገር መምህር እንዲህ ያለውን ይነዳ ነበር። ትምህርቱ የማይረባ፣ መኪናው ግን እንከን የለሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ የነዳሁት ሁሉ የመሥሪያ ቤት ፒክአፕ ነው። ፒክአፕ ለመጫን እንጂ ለመነዳት አልተሠራም፤ የሚነዳውም ሰው ከጭነቱ እንደ አንዱ ይቆጠራል።

በጅማ፣ ቡና የቀናው ሰው ምን እንደሚገዛ ለማወቅ እዚያው መርካቶ ገበያ ዳር አንድ ከሰዓት መቆም ይበቃል። ነጭ፣ እንደ ጎተራ የቆመ፣ መስታወቱ የጠቆረ፣ ለበረሃ የተሠራ መኪና ገዝቶ ከቤቱ እስከ ሱቁ ይነዳዋል። ሁለት ባጃጅ ሲገጥመው ደግሞ እንደ ፈራ በሬ ይቆማል። የጡረታ ጓደኞቼም ከዚህ አይሻሉም። ጊንጆ ሰፈር ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተደርድረው የሚያልፈውን ሲቆጥሩ ይውላሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ መኪናውን ሸጦ በገንዘቡ የግቢውን አጥር አሳጠረ። ምን እንዳይወጣ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

አብራኝ የምትኖረው ልጄ አስተማሪ ናት፤ ስትቃወመኝም እንደ አስተማሪ ነው።

«አባዬ፣ ጫማዎን ለማሰር እንኳ ወንበር የሚፈልጉ ሰው፣ መሬት ለመሬት ከሚሄድ መኪና ውስጥ እንዴት ሊወጡ ነው?»

«እንደ ገባሁ።»

«እንዴት ሊገቡስ?»

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳስብበት ዋልሁ። ወጣት ወደ እንዲህ ያለ መኪና እግሩን አስቀድሞ ይገባል። ሽማግሌ ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ፣ በሩን ሳይሆን የጣሪያውን ጠርዝ ይዞ፣ መጀመሪያ መቀመጥ፣ ከዚያ ሁለቱን እግሮች በአንድነት ማዞር አለበት። በሩ ረዥም ስለሆነ ለመክፈቻው ስፋት ያስፈልጋል። አንገት እንደ ድሮው ስለማይዞር የኋላው መስኮት ጠባብ መሆን የለበትም። መቀመጫው ከፍ የማይል ከሆነም የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ለደላላው ሰጠሁት። ወረቀቱን አጣጥፎ ሳያነብ ኪሱ ከተተው።

ደላላው የመርካቶ ልጅ ነው፤ አፉ ከእግሩ የሚቀድም። የነዳጅ መኪና ከውጭ ማስገባት ከቆመ ወዲህ በአገር ውስጥ ያለው ቆርቆሮ ሁሉ ወርቅ የሆነ ይመስለዋል። መጀመሪያ አወቱ መንደራ ሰፈር ወስዶ አንድ ቀይ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ይቺ ምንም አልሠራችም። አንዲት ዶክተር ናት የያዘቻት፤ ቀስ ብላ፣ ሆስፒታልና ቤት ብቻ።»

«የምታሳየው መኪና ሁሉ የሴት ዶክተር ነው። ሐኪሞቹ መቼ ነው የሚያክሙት?»

«አቦ፣ ጋሼ ደግሞ! ኪሎ ሜትሯን ይዩት እንጂ!»

ኪሎ ሜትሩን አላየሁም። ቁጥር ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የፍሬን መርገጫው ላይ ያለው ጎማ ግን አይመለስም፤ እሱ ተልጦ ብረቱ ያብለጨልጭ ነበር። መቀመጫዎቹ የነብር ቆዳ የሚመስል ጨርቅ ለብሰዋል፤ ከሆዱ ሥር ደግሞ ሰማያዊ መብራት ተገጥሞለታል። ሐኪሟ ምን ዓይነት በሽተኛ እንደምትጎበኝ ጠይቄው ሄድሁ። ሁለተኛው በሁለት ባጃጆች መካከል ቆሞ ስለ ነበር በሩ ለአንድ ክንድ ብቻ ተከፈተ። ባለቤቱ «በጎን ይግቡ» አለኝ። እንደ ደብዳቤ ማለቱ ነው።

ሦስተኛው አጋሮ ነበር።

ባለቤቱ አረጋዊ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ ከተማው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። መጋዘናቸው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ አንድ ትልቅ አቮካዶ ዛፍ ካለበት ግቢ ውስጥ ነው። በር ላይ ቆመው ጠበቁን።

«ሜ፣ ይግቡ፣ ይግቡ። ከእኔ ዘንድ ገዢ አልቅሶ አይወጣም።»

የብረቱን በር ሲያስከፍቱ የጀንፈል ቡናና የጆንያ ሽታ ወጣ። በመጋዘኑ መካከል፣ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ አንሶላ የለበሰ ዝቅ ያለ ነገር ቆሟል። በሦስት ወገን የቡና ጆንያ እስከ ትከሻ ድረስ ተደርድሮ አጥር ሆኖለታል።

«ሰው እንዳይጭራት ነው» አሉ ሐጂው፣ አንሶላውን ራሳቸው እየገፈፉ። «ዝናብ አያውቃትም፣ ፀሐይ አያውቃትም። በዚህ ከተማ ከቡና በላይ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ እኔም ከቡናዬ ጋር አኖርኋት። ዋላሂ፣ የእሷ መኝታ ከእኔ መኝታ ይደርቃል።»

ብርማ ቀለም ነበር፤ ከፋብሪካ የወጣው ቀለም፣ ያልተነካ። የሞተሩን ክዳን በመዳፌ ዳሰስሁት፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ከመምጣቴ በፊት አሙቀው አልጠበቁኝም። የፍሬን መርገጫውን አየሁ። ከዚያ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ የጣሪያውን ጠርዝ ይዤ ተቀመጥሁ። ደላላው ክርኔን ሊደግፍ ሮጠ።

«እጅህን አንሣ» አልሁት።

እግሮቼን አዞርሁ። መቀመጫው በቁልፍ ከፍ አለ፤ መንገዱን የሚያህል የኋላ መስኮት ነበረው። ሞተሩን ሳስነሣው ሐሜት የሌለበት ድምፅ ሰማሁ። ጥቂት የቤንዚን ሽታም ነበር። ጋራዥ ሁሉ ይሸታል ብዬ አለፍሁት፤ በሥራዬ ዘመን ማንም ሰው እንዲህ ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ከክፍሉ አስወጣው ነበር። መውጣቱ ከመግባቱ ከበደኝ፤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ በሦስተኛው ቆምሁ። ቢሆንም በልቤ ገዝቼው ነበር።

በመጋዘኑ ጥግ ካለች ጠረጴዛ ሻይ ቀረበልን። ለምን እንደሚሸጡት ጠየቅሁ።

«ለውጭ ገበያ መላክ ካቆምሁ ወዲህ ምን ያደርግልኛል? በደጉ ዓመት ገዛኋት፤ ሦስት ጊዜ ብነዳት መንገዱ ሆዷን ላሰው። አስቀመጥኋት፤ በየወሩ ብቻ ነዳጅ ጨምሬ አስነሣታለሁ። ከዚያ ያ ነገር መጣ።»

«የትኛው ነገር?»

«ቀማሾቹ!» አሉ ሐጂው፤ ብርጭቆውን አኖሩት። «ምላሳቸውን ለሽያጭ ያወጡ! በሽቦ አልጋ የደረቀ፣ በእጅ የተለቀመ ቡና ነው የላክሁት። ‹ባዕድ ሽታ› ብለው መለሱት። አንድ ጊዜ ቢሆን ስሕተት ነው እላለሁ፤ በዓመቱም ደገሙኝ። ጉቦ ይዤ እጅ እንድዘረጋላቸው ነው የፈለጉት። አልዘረጋሁም፤ አልሐምዱሊላህ። ይኸው ቡናዬን እዚሁ አገር ውስጥ እበትናለሁ።»

ደላላው የቀድሞ ሥራዬን ያውቃል። በጠረጴዛው ሥር እግሬን በእግሩ ነካኝ። «ጋሼ፣ ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ» አለ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም በኮንትራት ቀማሽ ሆኜ ቆይቻለሁ። ናሙና የሚመጣልን በቁጥር እንጂ በስም አልነበረም፤ ሽታን ግን ቁጥር አይሸፍነውም። ያን ቡና አስታወስሁት። ፍጹም የሆነ ፍሬ፣ በላዩ የቤንዚን ሽታ። ባልደረቦቼን ጠርቼ አስደግሜ፣ ከዚያ ሁለቱን ቃላት ጽፌ ማኅተም አደረግሁበት። አንድ ዝርክርክ ነጋዴ ከቡናው ጋር ጀሪካን አስቀምጦ ይሆናል ብዬ፣ የማላውቀውን ሰው ከልቤ ናቅሁት። በዓመቱ ሲመጣ ደግሞ አብዝቼ ናቅሁት። ቡና ያጠገቡን ሽታ ሁሉ እንደሚጠጣ የሚያውቅ ሰው፣ እንዲህ ያለ ቡና ያዘጋጀ ሰው፣ መኪና በጆንያ አጥሮ ያኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ዝም ብል መኪናው የእኔ ነው። ሻዩን ጠጥቼ፣ እጃቸውን ጨብጬ፣ ቁልፉን ይዤ እሄዳለሁ። ስለ እውነት ብዬ ተናገርሁ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አይደለም። የተናገርሁት ምላሴን ለሽያጭ የወጣ ስላሉት ነው።

«ቡናዎን የመለስሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

ደላላው ዓይኑን ጨፈነ። ሐጂው ከወንበራቸው ተነሡ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ አለ።

«እርስዎ?»

«እኔ። ሁለቱንም ጊዜ። ያበላሸውም ይህ መኪና ነው።»

«ከመጋዘኔ ይውጡልኝ።»

«እወጣለሁ። እርስዎም አብረውኝ ይውጡ።»

ከሩቁ ጥግ ካለ ጆንያ አንድ እፍኝ፣ ከመኪናው ጎን ካለው ሌላ እፍኝ አወጣሁ። በዚያ አየር ውስጥ የከረመ አፍንጫ ምንም አይለይም፤ ስለዚህ አቮካዶው ሥር አስቁሜያቸው አፍንጫችን እስኪጠራ ቆየን። ከዚያ የመጀመሪያውን በመዳፋቸው አኖርሁ። «ይሹት። እፍ ይበሉበት። አሁን ያሽትቱ።» አሸተቱ። ሁለተኛውን ሰጠኋቸው። አሹት፣ እፍ አሉበት፣ አሸተቱ፤ ፊታቸውን መለስ አድርገው እንደ ገና አሸተቱ።

«አስተግፊሩላህ» አሉ።

«ነዳጁ አይንጠባጠብም፤ ይተናል። ከታንከሩ የሚነሣው የጎማ ቱቦ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ይሆናል።»

«ይህን እያወቁ ሊገዟት ነበር?»

«ሸትቶኝ ነበር። እንዳልሸተተኝ አደረግሁ።»

መዳፋቸውን አራገፉ፤ ፍሬው ሣሩ ላይ ተበተነ። «ለእርስዎ አልሸጥም» አሉ፣ ያለ ቁጣ። «ቡናዬን የጣለ ሰው በመኪናዬ ሲሄድ ማየት አልችልም።»

ይህም ተገቢ ነበር። ወደ ውጪው በር ስንራመድ ደላላው ከኋላዬ ያጉረመርም ነበር። «ጋሼ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ዝም ብለው ቢጠጡ ምን ነበረበት? አንድ ብርጭቆ!»

ሐጂው ጠሩኝ። «ስንቱ ጆንያ ነው የተበላሸው?»

«ሳይሸተት አይታወቅም።»

«ታዲያ ያሽትቱልኛ!»

«ምላሱን ለሽያጭ ያወጣ ሰው ነው የሚያሸትትልዎ?»

«ሌባ ቢሆኑማ» አሉ፤ «ሻዬን ጠጥተው፣ እሷን ነድተው፣ ከበራፌ ላይ ሰላምታ ሰጥተውኝ ይሄዱ ነበር። ይምጡ፣ አያስቁሙኝ።»

መጀመሪያ መኪናውን በሰው አስገፍተው ወደ ግቢው አወጡት። ከዚያ ጆንያ አንድ በአንድ እየተፈታ አቮካዶው ሥር ይቀርብልኝ ጀመር። የጸዳውን በቀኝ፣ የተበላሸውን በግራ አስቀመጥሁ፤ ሐጂው ከአጠገቤ ቆመው እያንዳንዱን ከእኔ በኋላ ያሸትቱ ነበር። አንድ ጊዜ ተከራከሩኝ፤ አንድ ጊዜም ትክክል ነበሩ። ግራው እየበዛ ሲሄድ የተሰማኝን እዚህ ለመጻፍ አይቀለኝም። ጅማ ካለው የቡና ምርመራ ክፍላችን እስከ አጋሮ ሩቅ አይደለም። የነጋዴውን ስም እንዳላውቅ ደንቡ ይከለክለኝ ነበር፤ ነገር ግን ‹መጋዘንህን ፈትሽ› ብዬ ከሁለቱ ቃላት ሥር ሦስተኛና አራተኛ እንዳልጽፍ የከለከለኝ ደንብ አልነበረም። መናቅ ስለ ቀለለኝ ናቅሁ።

ስንጨርስ ዐሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ሐጂው እጃቸውን ታጥበው፣ ሰግደው ተመለሱ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ቱቦውን ያስቀይሩ። ጆንያ አጠገብ ግን አያቁሟት።»

ያሉትን ዋጋ ከፈልሁ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። በማግሥቱ አንድ የአጋሮ መካኒክ ቱቦውን ሲያወጣው በጣቱ መካከል እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰባበረ።

ወደ ጅማ ብቻዬን ነዳሁ። መኪናው በየጉብታው ሆዱን ይፈትጋል፤ በየጉድጓዱም የወገቤን አጥንት አንድ በአንድ ይቆጥርልኛል። ወደ ዳገቱ ስደርስ አንድ ነጭ ጎተራ ከኋላዬ መጥቶ ጡሩምባውን ያንባርቅ ጀመር። ዳር ይዤ አሳለፍሁት። ሹፌሩ ሲያልፍ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ከላይ ወደ ታች አየኝ፤ «አባባ፣ ይቺ ለእርስዎ አትሆንም!» ብሎ ጮኸ። ጢሱ እስኪጠራ ጠበቅሁ። ከዚያ መንገዱ ባዶ ሆነ። ማርሽ ቀየርሁ፤ መኪናው ሳይቸኩል፣ ሳያቅማማ፣ የጠየቅሁትን ያህል ብቻ ሄደልኝ። እስከሚቀጥለው ጉብታ ድረስ ማንንም አልናቅሁም።