ለማይቸኩል ሰው የሚሆን ብሮከር

ባለቤቴ ወገቡ ተጎድቶ ካልጋሪ አጠገብ ኮክረን ካለው የጣውላ መጋዘን ሥራውን ካጣ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲጠይቀው «ትንሽ ዕረፍት ላይ ነኝ» ማለት ጀመረ። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳያነሳ ከልክሎታል፤ መጋዘኑ ደግሞ የሚያስነሳው ቀላል ነገር አልነበረውም። ዕረፍቱ የሙቀቱን ወራት አልፎ፣ በረዶ መጣል ጀምሮም አላለቀም። እኔን ያስጨነቀኝ ገንዘቡ አልነበረም። የምሠራበት ኬር ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ፣ ተጨማሪ ሺፍት ወስጄ ስለነበር ኑሮ እንደምንም ይገፋል። ያስጨነቀኝ ያ ሳቂታ ሰው ከሰው መሸሹ ነው። አምልኮ እንዳለቀ መኪና ውስጥ ገብቶ ይጠብቀኛል። የሆነውን ነገር ለአንድ ሰው እንኳ በአፉ ብሎት በተገላገለ ብዬ እመኝ ነበር።

ፎሬክስ የሚሉት የውጭ ምንዛሪ ንግድ ቤታችን የገባው በዚህ መሃል ነው። ዩቲዩብ ላይ አንድ ጎረምሳ ዩሮ በዶላር ገዝቶ፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝበት መልሶ ሲሸጥ አየ። እንዲህ ቶሎ ገብቶ ቶሎ መውጣትን ስካልፒንግ ይሉታል። ባለቤቴም ስካልፐር ልሁን አለ። ለዚህ ደግሞ ብሮከር ያስፈልጋል፤ ገበያው ውስጥ አስገብቶ የድርሻውን የሚወስድ ድርጅት ማለት ነው። መምረጥ ጀመረ።

ባለቤቴ ነገር ሲመርጥ አይታችሁት አታውቁም። ቲማቲም አንድ በአንድ እያገላበጠ ሲያይ ከኋላው የቆመ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሽንኩርት ብቻ ገዝቶ ይሄዳል። እኔን እንደሚወደኝ ለመናገር ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል፤ ያውም እህቴ ገፍታው። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ለችኩል ሰው የሚሆን ብሮከር ሲፈልግ የከረመው። ዋይትሆርን ሰፈር ያለችው ጠባብ ኪችናችን ቢሮ ሆነች። ራት ላይ ስለ ስፕሬድ እንሰማለን፤ በመግዣውና በመሸጫው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በቀን ብዙ ጊዜ ለሚገዛና ለሚሸጥ ሰው ይህች ልዩነት ጠባብ ካልሆነች ትርፉን ሁሉ ትበላዋለች። እኔ ወጡን እጨልፋለሁ፣ እሱ ስፕሬድ ያወዳድራል።

ከአንዱ ብሮከር አንድ ሰው ይደውልለት ነበር፤ ዛሬውኑ ገንዘብ ካስገባህ ቦነስ እንሰጥሃለን የሚል። ባለቤቴ ስልኩን አንስቶ እንዴት አደርክ ይላል፣ ቤተሰብ ደህና ነው ይላል፣ እናንተ ጋር ብርዱ እንዴት ነው ይላል። ሰውየው ወደ ገንዘቡ ሊመልሰው ይታገላል። በመጨረሻ ጆሮው ላይ ዘጋበት።

«ይሄ ድርጅት አይሆነንም» አለን ስልኩን እያስቀመጠ። «ሰላምታ የማይመልስ ሰው ገንዘቤን ይመልሳል?»

እዚሁ ካልጋሪ የተወለደችው ልጃችን ስሙን ፈልጋ ስታጣራ፣ ድርጅቱ ካናዳ ውስጥ ለመሥራት ፈቃድ አልነበረውም። ባለቤቴ ያን ቀን በጣም ኮራ።

ቀጥሎ ዴሞ አካውንት ከፈተ፤ በውሸት ገንዘብ ብሮከሩ የሚሞከርበት። የሎንዶንና የኒውዮርክ ገበያዎች አብረው ክፍት የሚሆኑት በእኛ ማለዳ ስለሆነ፣ ለሥራ ስዘጋጅ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ዋጋው ጥሩ ቦታ ሲደርስ ጣቱን የመግዣው ቁልፍ ላይ ያደርጋል። ከዚያ አንገቱን ይደፋል። እኛ ቤት ሳይጸለይ መኪና አይነሳም፣ ማሰሮ አይከፈትም፤ ፎሬክስም አልቀረለትም። ጸሎቱ ደግሞ አጭር አይደለም። ለአገር፣ ለታመሙት፣ ለመጋቢያችን ቤተሰብ ጸልዮ «አሜን» ብሎ ቀና ሲል ዋጋው የት እንደደረሰ አይታወቅም።

«ይሄ ብሮከር ቀርፋፋ ነው» ይላል። ሌላ ይከፍታል። እሱም ቀርፋፋ ይሆንበታል።

«አባዬ፣ ላይክ፣ ፕራይሱ ሄደ እኮ» አለችው ልጃችን አንድ ቀን። «ፈርስት ክሊክ አድርግ፣ ከዛ ጸልይ።»

«ከገዛሁ በኋላ መጸለይማ ምን ዋጋ አለው?»

እሷ ሳቋን ይዛ ወደ ክፍሏ ሮጠች። እኔ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ኮቴን ለብሼ በር ላይ እንደቆምኩ ተናገርኩት። «ቀርፋፋው ብሮከሩ አይደለም፣ አንተ ነህ። ለምንድነው ለሌላ ሰው የሚሆን ብሮከር የምትመርጠው?»

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። «መጋዘኑ ውስጥ እንደኔ ፎርክሊፍት ነድቶ ቶሎ ጣውላ የሚጭን አልነበረም» አለኝ። «አሁን ካልሲዬን ለማጥለቅ እንኳ ስንት ጊዜ እንደሚወስድብኝ ታያለሽ። አንድ ነገር እንኳ ቶሎ መሥራት እፈልጋለሁ።»

ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያን ጠዋት አሳዝኖኝ አያውቅም። ቦርሳዬን አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ለሺፍቴም ዘገየሁ። «እኔ ያገባሁት ፎርክሊፍቱን አይደለም» አልኩት። «ሁለት ዓመት ሙሉ አስቦ የመጣውን ሰውዬ ነው። እሱ ደግሞ ወገቡ ላይ አልነበረም ያለው።» የተናገርኩት ነገር ግጥም ያለ አልነበረም፤ እሱ ግን ገባው መሰለኝ፣ ጉንጬን በእጁ ጀርባ ነካ አድርጎኝ «ሂጂ፣ ረፈደብሽ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ምርጫው እንደገና ከሀ ተጀመረ፤ አሁን ግን ለእሱ። የገዛውን ሳምንታት ይዞ ለሚቆይ ሰው፣ ለካ ከስፕሬዱ ይልቅ የሚከብደው ይዞ ባደረ ቁጥር የሚቆረጥበት ክፍያ ነው። የሚፈልገውን ዋጋ አስቀድሞ ጽፎ የሚሄድበት መንገድም አለ። ዋጋው እዚያ ከደረሰ ይገዛል፣ ካልደረሰ ይቀራል፤ ጸልዮ፣ አስቦ፣ ሻይ አፍልቶ የሚሠራ ሥራ ነው። ገበያው የሚከፈተው እሑድ ከሰዓት በእኛ አምልኮ መሃል ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ሕንፃ ከፈረንጆቹ ስለምንከራይ እነሱ ሲወጡ ነው የምንገባው። የሱ ዓይነት ነጋዴ ያኔ ስልኩን ማየት አያስፈልገውም።

በመጨረሻ የመረጠው ብሮከር ማስታወቂያው ደረቅ፣ ቦነስ የማያውቅ፣ እዚሁ አገር የተመዘገበ ነው። የያዙትን ለማሳደር የሚቆርጠው ከሌሎቹ ያንሳል። ባለቤቴ ደውሎ ሲያናግራቸው ስልኩን ያነሳችው ሴት ሰላምታውን እስኪጨርስ ጠበቀችው፣ መልሳም ስለ እሱ ጤና ጠየቀችው። ቢጠፋ የማያስለቅሰን ትንሽ ገንዘብ ብቻ እንዲያስገባ ተስማማን።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ልጃችን አካውንቱን ልትከፍትለት ተቀመጠች። ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀን። እሷ ታነባለች፣ እሱ ይመልሳል፣ እኔ ሳህን አደርቃለሁ።

«ኢምፕሎይመንት ስታተስ» አለች፤ ቅጹ የሥራውን ሁኔታ መጠየቁ ነው። «ኢምፕሎይድ፣ ሰልፍ ኢምፕሎይድ፣ ሪታየርድ፣ ኦር አንኢምፕሎይድ?»

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እሷ አንገቷን ሳታነሳ ትጠብቃለች። እኔ አላስችል ብሎኝ «ሰልፍ ኢምፕሎይድ፣ በግሉ ይሠራል በይው፣ ማን ያየዋል» አልኩ።

«አይሆንም» አለ። ወደ ልጃችን ዞረ። «ሥራ የለኝም በይ።»

ልጃችን ቀና ብላ አየችው። «አባዬ፣ አር ዩ ሹር?»

«አዎ። ወገቤ ተጎዳ፣ ሥራዬን አጣሁ። የሆነው እሱ ነው።»

የያዝኩትን ሳህን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። እሱ ወንበሩን ወደ ልጁ ጠጋ አደረገና መነጽሩን አጠለቀ። «በይ እሺ፣ ቀጥሎ ምን ይላል?» አላት።