ስማቸውን ያልጻፍኩበት ሪፖርት

አዳማ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ሥነ ዜጋ ሳስተምር ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። የዚያን ዕለት ርዕሳችን የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ነው። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ስለነበር ክፍሉ ይፋጃል፤ መስኮቱን ብንከፍት አቧራው፣ ብንዘጋው ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎናል። ትርጉሙን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ስዞር፣ ከአዳማ ብዙም ከማትርቀው ደራ እየተመላለሰች የምትማር፣ ሴሚስተሩን ሙሉ ድምጿን ሰምቼ የማላውቃት ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ቤታችንን ያቃጠሉት እነማን እንደሆኑ ብናገር ወንጀል ነው?"

ከኋላ አንድ ወጣት ከመቀመጫው ተነሳ። "እነማን ልትዪ ነው?"

"ይሄ ከርዕሳችን ውጪ ነው" ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ያን ቀን ግን ልጅቷ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

"የደረሰብሽን መናገር ወንጀል አይደለም" አልኳት። "ግን ያደረጉት ሰዎች ናቸው። የእነሱን ሥራ ለአንድ ሕዝብ አታሸክሚ።"

ተናገረች። የማንንም ብሔር ሳትጠራ፣ እናቷ ከቤቱ ያተረፈችው የልብስ ስፌት መኪናዋን ብቻ እንደነበር ነገረችን። ወጣቱ እንደቆመ ሰማትና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። "የእኔም ወንድም ከተወሰደ ዓመት አልፎታል" አለ። ማን እንደወሰደው አልጠየቅኩትም። አለመጠየቄ ለእሱ አስቤ ይሁን ለራሴ ፈርቼ እስካሁን አልለየሁትም።

በሦስተኛው ቀን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሯቸው አስጠሩኝ። በሌላ ጊዜ በኦሮምኛም በአማርኛም ሰላምታ የሚያዥጎደጉዱልኝ ሰው ያን ዕለት ወንበሩን ብቻ አሳዩኝ።

"ሕዝብ የሚያጋጭ ንግግር ተደርጓል የሚል ጥቆማ ደርሶናል።"

"እንዲህ ያለ ነገር አልተባለም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ሪፖርት ጻፊ። የተናገሩትን ተማሪዎች ስም ጨምሪበት።"

"ለማን ነው የሚሄደው?"

"እሱን እኔም በትክክል አላውቅም፣ እህቴ።"

ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ይሄ መልስ ነው።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። "ስማቸውን ስጪና ተገላገይ" አለኝ። "እኛም ልጆች አሉን።" እውነቱን ነበር። አዋጁን አውጥቼ ደጋግሜ አነበብኩት። ለትምህርት ሲባል የሚደረግ ንግግር እንደማያስጠይቅ የሚገልጽ አንቀጽ አለው። ለትንሽ ጊዜ እፎይ አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ይህን አንቀጽ የሚያነብልኝ ማን ነው ብዬ ተጨነቅኩ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። በመጨረሻ ያልኩትን ቃል በቃል አሰፈርኩ፣ የአንቀጹን ኮፒ አያያዝኩ፣ ስም መግባት ባለበት ቦታ ላይ "ውይይቱን የመራሁት እኔ ነኝ፤ ኃላፊነቱም የእኔ ነው" ብዬ ፈረምኩ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል አላነሳም። ባጃጅ በራችን ላይ ከቆመ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። ክፍል ስገባ፣ ይቀዳኝ ይሆናል ብዬ መጀመሪያ የምፈልገው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ተማሪ ነው። ትምህርቱን ከመጽሐፉ እያነበብኩ ማስጻፍ ጀመርኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅኩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኃላፊው እንደገና ጠሩኝ።

"ጉዳዩ በቃል ማስጠንቀቂያ ተዘግቷል። ከአሁን በኋላ የውይይት ጥያቄዎችሽን አስቀድመሽ ታሳዪኛለሽ።" ልወጣ ስነሳ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የስም ዝርዝሩን ድጋሚ ጠይቀውኝ ነበር። የለንም ብያለሁ።"

እሳቸውም የፈሩ ሰው መሆናቸውን ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። "ቲቸር፣ በእኔ ምክንያት ነው?"

"አይደለም" አልኳት። ያላመነችኝ ፊቷ ላይ ያስታውቃል።

በዚያው ቀን መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ የሚቀጥለውን ሳምንት ጥያቄዎች ጻፍኩ። አራት ነበሩ፤ ሁለቱን ፈርቼ ሰረዝኩ። መልሼ ሳያቸው የሰረዝኳቸው ይሻላሉ። አንዱን መልሼ ጻፍኩትና፣ ሐሳቤን ከመቀየሬ በፊት ወረቀቱን ይዤ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ።